የተንጋደደ ሸክላ፦ ጠፍጣፋ አድርጎ የመያዝ ጥያቄ ሲዳሰስ

በደቂቃ 33⅓ ጊዜ የሚዞር ሸክላ አንዱን ዙር በ1.8 ሴኮንድ ይጨርሳል። ጠርዙ ላይ አንዲት እብጠት ካለች መርፌው በየ1.8 ሴኮንዱ ያቺን ዳገት ወጥቶ ይወርዳታል። እብጠቷ ለስላሳ ከሆነች አድማጩ ምንም ላይሰማው ይችላል። ስትከፋ ግን ረዘም ብሎ የሚቆይ የፒያኖ ድምፅ መዋለል ይጀምራል፤ የስፒከሩ ትልቁ ሸራ ሙዚቃው ውስጥ በሌለ ምት ወደፊትና ወደኋላ ይናጣል፤ ሲብስም መርፌው ቦዩን ለቆ ይዘላል።

ይህን ለመከላከል ከጥቂት መቶ ግራም ናስ አንሥቶ የራሱ ፓምፕ እስካለው አየር መምጠጫ ድረስ ብዙ ዓይነት ዘዴ ተሞክሯል። አምራቾች ግን እስከ ዛሬ አልተስማሙም። አንዱ መቆንጠጫ ከማጫወቻው ጋር አብሮ ሲሸጥ ሌላው ሸክላው ላይ ምንም ነገር እንዳይጫን ይመክራል። ክርክሩ መቋጫ ያጣበት አንዱ ምክንያት ሁለት ጥያቄዎች እንደ አንድ መታየታቸው ነው። የመጀመሪያው የቅርጽ ጥያቄ ነው፦ የተንጋደደው ፕላስቲክ በጨዋታው ጊዜ እንዴት ይቃና? ሁለተኛው የንዝረት ጥያቄ ነው፦ ሸክላው ከሚሽከረከረው ሳህን ጋር ምን ያህል ይጣበቅ? ለመጀመሪያው አጥጋቢ ማስረጃ አለ። ለሁለተኛው ያለው ማስረጃ ሳሳ ያለ ነው፤ ጭቅጭቁ የሚሞቀውም እዚያው ላይ ነው።

ከሼላክ እስከ ቪኒል

መንጋደድ ከቪኒል ጋር የመጣ ችግር አይደለም። በደቂቃ 78 ጊዜ የሚዞሩት የጥንቶቹ የሼላክ ሸክላዎችም ሙቀት ካገኛቸው ይጣመማሉ። ቶማስ ኤዲሰን እ.ኤ.አ. በ1912 ለገበያ ያቀረበው ዳይመንድ ዲስክ 6 ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት ነበረው። በኤዲሰን ሸክላ ላይ ድምፁ የሚቀረጸው ሽቅብና ቁልቁል ስለነበር መርፌው እብጠትን ከሙዚቃ የሚለይበት መንገድ አልነበረውም፤ ስለዚህ ሸክላው እንዳይጣመም አድርጎ ማወፈሩ የሚያስኬድ ሐሳብ ነበር። በአብዛኞቹ ሌሎች ኩባንያዎች ሸክላዎች ላይ ድምፁ የሚጻፈው ከጎን ወደ ጎን ነበርና እብጠቱ ብዙም አያስጨንቅም ነበር።

ኮሎምቢያ የተባለው ኩባንያ በ1948 ረጅሙን የቪኒል ሸክላ ሲያወጣ ሸክላው ቀለለ፣ ቀጠነ፣ ቦዮቹም ደቀቁ። አሥር ዓመት ቆይቶ፣ በ1958፣ ስቴሪዮ ገበያ ላይ ዋለ። ይህ ለውጥ ከመንጋደድ ጋር ያለው ግንኙነት ብዙ ጊዜ ይረሳል። በስቴሪዮ ሸክላ የመርፌው የሽቅብና የቁልቁል እንቅስቃሴ በግራና በቀኝ ድምፅ መካከል ያለውን ልዩነት ይሸከማል። ስለዚህ ከ1958 ወዲህ እያንዳንዱ እብጠት ወደ ኤሌክትሪክ ተቀይሮ አምፕሊፋየሩ ውስጥ ይገባል። የስፒከሮቹ ሸራዎች አንዱ ወደፊት ሌላው ወደኋላ እየሄዱ የሚናጡትም ለዚህ ነው።

ቪኒል ሙቀት የሚያለሰልሰው ፕላስቲክ ነው። ሸክላ የሚሠራበት ቅልቅል ከ60 እስከ 70 ዲግሪ ሴልሲየስ አካባቢ ሲደርስ መለስለስ ይጀምራል፤ ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ የተረሳ ሸክላ ሳይበላሽ የሚተርፈው በዕድል ነው። ጥፋቱ ሁሌ የባለቤቱ አይደለም። ከማተሚያው የወጣ ሸክላ በቅጡ ሳይበርድ ከፖስታው ከገባ፣ ወይም የሚታሸግበት ስስ ፕላስቲክ ከልክ በላይ ከተወጠረ፣ ገዢው ገና ሳይከፍተው ተጣሞ ይጠብቀዋል። በመደርደሪያ ላይ ለዓመታት ዘመም ብሎ የቆመ ሸክላም ቀስ በቀስ ይጎብጣል።

በዚህ ታሪክ ውስጥ አርሲኤ ሁለት ጊዜ ይነሣል። ኩባንያው በ1950ዎቹ የሸክላውን ጠርዝና መለያ ወረቀቱ ያለበትን መሃል ከፍ አድርጎ፣ ቦዮቹ ያሉበትን ክፍል ዝቅ የሚያደርግ ቅርጽ አስተዋወቀ። ዓላማው አውቶማቲክ ማጫወቻ ላይ ሲደራረቡ ቦዮቹ እንዳይፋተጉ ነበር። ይህ ቅርጽ በኢንዱስትሪው ሁሉ ተስፋፋ፤ በውጤቱም እጅግ የተዋጣለት ሸክላ እንኳ ፍጹም ጠፍጣፋ በሆነ ሳህን ላይ ሲቀመጥ የሚያርፈው በጠርዙና በመሃሉ ብቻ ሆነ። ከቦዮቹ በታች ስስ ክፍተት ይቀራል። በሳህኑ ላይ የሚነጠፉ አንዳንድ ምንጣፎች በመለያ ወረቀቱ ልክ የተቦረቦሩት ይህን ታሳቢ በማድረግ ነው። የሁለተኛው ጊዜ ትዝታ እምብዛም አያስመሰግንም፦ በ1970ዎቹ የወጡት ዳይናፍሌክስ የተባሉት ስስና ተጣጣፊ ሸክላዎች በማስታወቂያ ቢወደሱም፣ ሰብሳቢዎች ስሙን ከመጣመም ጋር አገናኝተው ያሾፉበት ነበር።

ጥመት ከጥመት ይለያል

ስለ መፍትሔ ከመከራከር በፊት የሚያዘው ነገር ምን እንደሚመስል መለየት ያስፈልጋል። አንደኛው ዓይነት መላ ሸክላው እንደ ሰፌድ መሃሉ ጎድጎድ የሚልበት ነው። እንዲህ ያለው ሸክላ ሲገለበጥ መሃሉ ጉብታ ይሆናል። ሁለተኛው ጠርዙ አንድ ወይም ሁለት ቦታ ላይ ሽቅብ የሚያሻቅብበት ነው። ሦስተኛው ጠባብና ስለታም እብጠት ነው፤ ለዓይን ትንሽ መስሎ ለመርፌ ግን ከሁሉም የከፋው ይህ ነው።

ምክንያቱ በቁጥር ሲታይ ይገባል። ዙሩን በሙሉ የያዘ ለስላሳ ጥመት መርፌውን የተሸከመውን ክንድ በሴኮንድ 0.56 ጊዜ ያህል ብቻ ያንቀሳቅሰዋል። ከዙሩ አንድ አሥረኛውን የያዘ እብጠት ግን ከ5 ሄርዝ በላይ የሆነ ምት ይፈጥራል። ቁመቱ ሳይለወጥ ስፋቱ በግማሽ ሲያንስ መርፌው ላይ የሚደርሰው ፍጥንጥን አራት እጥፍ ይሆናል። በዚህ ላይ ክንዱና መርፌውን የያዘው ካርትሪጅ አብረው በተፈጥሯቸው የሚወዛወዙበት ድግግሞሽ አላቸው፤ ባለሙያዎች ከ8 እስከ 12 ሄርዝ ባለው ክልል ውስጥ እንዲወድቅ ይፈልጋሉ። ሹር በተባለው የአሜሪካ ኩባንያ የሚሠሩ መሐንዲሶች በ1970ዎቹ ባደረጉት ጥናት የጥመት እንቅስቃሴ በአብዛኛው ከ8 ሄርዝ በታች እንደሚገኝ አሳይተዋል። ከባድ ክንድ ላይ ለስላሳ ካርትሪጅ ሲገጠም ድግግሞሹ ከ8 ሄርዝ በታች ይወርድና እብጠቱና ክንዱ ተጋግዘው ይናጣሉ። አንድ ሸክላ በአንዱ ቤት ያለ ችግር ተጫውቶ በሌላው ቤት የሚዘልለው ስለዚህ ነው።

ሌላም መለየት ያለበት ነገር አለ። ቃና የሚዋልለው በጥመት ብቻ አይደለም፤ የመሃሉ ቀዳዳ ከትክክለኛው ቦታ ፈቀቅ ብሎ ከተበሳም ያው ይሆናል። ናካሚቺ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ያወጣው ቲኤክስ-1000 ሸክላውን ራሱ ለክቶ ወደ መሃል የሚያመጣ ማጫወቻ ነበር። ለዚህ ችግር መቆንጠጫም ሆነ ክብደት አይረዳም። ገንዘባቸውን አውጥተው መቆንጠጫ የገዙና ለውጥ ያላገኙ ሰዎች አንዳንዶቹ የታመመውን ትተው ሌላ ቦታ ያከሙ ናቸው።

መሃሉን መጫን

ብዙ ሰው የሚያውቀው ዘዴ በመሃሉ ዘንግ ላይ የሚቀመጥ ክብደት ነው። ከ200 እስከ 800 ግራም የሚመዝን የናስ ወይም የብረት ድቡልቡል ሲሆን ርካሽና ቀላል ነው፤ ሸክላውም ላይ ጉዳት አያደርስም። ጥቅሙ ግን ሸክላው በየትኛው ገጹ እንደተቀመጠ ይወሰናል። ጉብታው ወደ ላይ ሲሆን ጠርዙ ሳህኑን ስለሚነካ፣ መሃሉን መጫን ሸክላውን በእርግጥ ዝቅ ያደርገዋል። ያው ሸክላ ተገልብጦ ጎድጓዳው ወደ ላይ ሲሆን መሃሉ አስቀድሞ ሳህኑ ላይ ተኝቷል፤ አየር ላይ የተንሳፈፈው ጠርዙ ነው። በዚህ ጊዜ አንድ ኪሎ ቢጫንበትም ጠርዙ አይወርድም። ገጽ አንድ ላይ የሠራው ክብደት ገጽ ሁለት ላይ ከጌጥ ያለፈ ጥቅም የለውም ማለት ነው።

ለዚህ የተገኘው ብልሃት ቀላል ነው፤ ደግሞም ከመላው ታሪክ ምርጡ ሳይሆን አይቀርም። በዘንጉ ዙሪያ፣ ከሸክላው ሥር፣ አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት ያላት ትንሽ ሮንዴላ ትገባለች። ከላይ የሚመጣው መቆንጠጫ የመለያ ወረቀቱን መሃል ሳይነካ የወረቀቱን ዳር ዳር ብቻ ይጫናል። መሃሉ በሮንዴላዋ ከፍ ብሎ፣ ዳሩ ወደ ታች ሲገፋ ሸክላው በጣም በትንሹ ይጎብጥና ጠርዙ ሳህኑ ላይ ይለጠፋል። ለዚህ ክብደት ብቻውን አይበቃም፤ ዘንጉን ጨብጦ የሚጎትት ነገር ያስፈልጋል። የካናዳው ኦራክል ዴልፊ ከ1979 ጀምሮ ጥርስ በወጣለት ዘንግ ላይ እንደ ብሎን በሚጠብቅ መቆንጠጫ ይህን አደረገ። የአሜሪካው ሶታ በማንሻ የሚጠብቅና የሚላላ መቆንጠጫ ሠራ፤ ቪፒአይም በጥርስ የሚጠብቅ አለው።

በክብደትና በመቆንጠጫ መካከል በግዢ ጊዜ የማይነገር አንድ ልዩነት አለ። የክብደት ጫና በቀጥታ ወደ ሳህኑ ኩሽኔታ ይወርዳል። የመቆንጠጫ ኃይል ግን በዘንጉና በሳህኑ መካከል ብቻ የሚዘጋ ስለሆነ ኩሽኔታው የሚሸከመው የመቆንጠጫውን የራሱን ክብደት ብቻ ነው። ቀላል ኩሽኔታ ላላቸው፣ በተለይም በሞላ ለተንጠለጠሉ ማጫወቻዎች፣ ይህ ትልቅ ነገር ነው። በ1961 የወጣው ኤአር ይሁን ቶረንስ ቲዲ 160፣ ሞላው የተስተካከለው ለተወሰነ ክብደት ነው። ግማሽ ኪሎ ሲጨመርበት ይሰምጣል፤ የተስተካከለው ሁሉ ይዛባል።

ጠርዙን በቀለበት

ጠርዙ ለተነሣ ሸክላ መሃሉን መጫን ረጅም መንገድ መዞር ነው። ጠርዙን ራሱን በከባድ የብረት ቀለበት መያዝ ግን ቀጥተኛ ነው፤ በዚህ ረገድ የቪፒአይ የማይዝግ ብረት ቀለበት በሰፊው ይታወቃል። ከመሃል መቆንጠጫ ጋር ሲጣመር ከአየር መምጠጥ በቀር የሚወዳደረው የለም። ክብደቱ በሳህኑ ጠርዝ ላይ ስለሚያርፍም የመዞር ፍጥነቱን ያረጋጋል የሚሉ አሉ፤ ይህ በፊዚክስ ትክክል ነው፣ ኩሽኔታውና ሞተሩ ከቻሉት።

ችግሩ የዕለት ተዕለት አጠቃቀሙ ላይ ነው። ሸክላ በተቀየረ ቁጥር ከባድ ብረት ከመርፌው አጠገብ ማንሣትና መመለስ ያስፈልጋል። የሸክላዎች ስፋት ከማተሚያ ማተሚያ በጥቂቱ ስለሚለያይ ቀለበቱ በአንዱ ላይ ልክ ሆኖ በሌላው ላይ የመግቢያውን ቦይ ሊጋፋ ይችላል። መርፌውን ሳያዩ የሚያሳርፉ ሰዎች ቀለበቱ ላይ ያሳርፉታል፤ የካርትሪጅ ዋጋ ደግሞ የታወቀ ነው። መርፌውን በራሱ በሚያሳርፍ ማጫወቻ ላይማ ጨርሶ አይሞከርም።

አየሩን መምጠጥ

እጅግ የረቀቀው መንገድ ሸክላውን ከሥሩ አየር በመምጠጥ ማጣበቅ ነው። ሐሳቡ ከስቱዲዮ የመጣ ነው፤ ኖይማንን የመሳሰሉ የቦይ መቅረጫ ማሽኖች ባዶውን የላከር ሰሌዳ የሚይዙት በዚህ መንገድ ነው። ደጋፊዎቹም «ሲቀረጽ በአየር ተይዞ ከሆነ ሲጫወትም እንዲሁ ይያዝ» ይላሉ። ክርክሩ ግማሽ እውነት አለው። ላከሩ ውስጡ አሉሚኒየም የሆነ ቀጥ ያለ ሰሌዳ ነው፤ አድማጩ እጅ የሚገባው ግን ለብቻው የበረደና በራሱ መንገድ የተጣመመ ፕላስቲክ ነው።

ቤት ድረስ ያመጡት በዋናነት ጃፓኖች ናቸው። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ሉክስማን ፒዲ-300ን አየር መምጠጫ አክሎ አወጣ። ኦዲዮ-ቴክኒካ ደግሞ ኤቲ-666 የተባለ፣ በማንኛውም ማጫወቻ ላይ በምንጣፍ ፋንታ የሚቀመጥ የብረት ሰሌዳ ሸጠ፦ ሸክላው ይቀመጣል፣ አየሩ በፓምፕ ይመጠጣል፣ ፓምፑ ተነቅሎ ሙዚቃው ይጀመራል። ከአሜሪካ ሶታ ተከተለ። ማይክሮ ሴኪ ውስጥ ይሠሩ የነበሩት ሂዴአኪ ኒሺካዋ በ2010ዎቹ በቴክዳስ ኩባንያቸው በኩል ያወጡት ኤር ፎርስ ዋን ዘዴውን ወደ ዘመናችን አሻግሮታል፤ ዋጋው ግን ከብዙ ሰው መኪና ይበልጣል።

ኃይሉን በቀላል ስሌት መገመት ይቻላል። በመለያ ወረቀቱና በጠርዙ መካከል ያለው የሸክላ ስፋት ወደ 0.058 ካሬ ሜትር ይጠጋል። ከሥሩ ያለው ግፊት ከአካባቢው አየር በአንድ አሥረኛ ብቻ ቢያንስ፣ ከላይ የሚጫነው ወደ 60 ኪሎ ግራም ክብደት ያህል ነው፤ ያውም ተከፋፍሎ በእያንዳንዱ ነጥብ ላይ እኩል። 500 ግራም ድቡልቡል ከዚህ ጋር አይወዳደርም። የቅርጽ ጥያቄው መልስ ይህ ነው ቢባል የሚከራከር የለም።

ዋጋው ግን በገንዘብ ብቻ አይከፈልም። ሸክላውና ሳህኑ መካከል የቀረች እያንዳንዷ የአቧራ ቅንጣት በዚያ ሁሉ ኃይል ወደ ታችኛው ገጽ ቦዮች ትጫናለች፤ ስለዚህ አየር መምጠጫ ያለው ሰው ሁለቱንም ገጽ ሳያጸዳ ማጫወት የለበትም። ሳህኑን የሚከበው የጎማ ከንፈር በዕድሜ ይደርቃል፣ አየር ያሳልፋል። ጠርዙ በጣም የተነሣ ሸክላ ከንፈሩን ስለማይነካ መጀመሪያ በእጅ መጫን ይኖርበታል። አንዳንድ አምራቾች መጀመሪያ አጥብቆ መጥጦ ከዚያ የሚያላላ ፓምፕ የሠሩትም ያለማቋረጥ መጫን ሸክላውን እንዳይጎዳ ሠግተው ነው።

«አትጫኑት» የሚሉት ወገኖች

በሌላው ጫፍ ሁለት የብሪታንያ ስሞች ይቆማሉ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ የወጣው የሊን ሶንዴክ ኤልፒ12 እና በ1973 የተመሠረተው ሬጋ ሁለቱም ሸክላውን ስስ የፌልት ምንጣፍ ላይ አስቀምጠው ይተዉታል። ክብደት አይመክሩም። ምክንያታቸው ከፊሉ ሜካኒካዊ ነው፤ የሊን ሳህን በሞላ የተንጠለጠለ ነው፣ የሬጋ ኩሽኔታም ለተጨማሪ ጭነት የታሰበ አይደለም። ከፊሉ ግን ስለ ድምፅ ነው፦ አጥብቆ መጫን የሳህኑንና የኩሽኔታውን ንዝረት ወደ ሸክላው ያስተላልፋል፣ ሙዚቃውም ይታፈናል ይላሉ።

ተቃራኒው ወገን ተመሳሳዩን ንዝረት ከሌላ አቅጣጫ ያየዋል። መርፌው ቦዩን ሲከተል ቪኒሉን ራሱን ያንቀጠቅጠዋል፤ ያ ንዝረት መውጫ ካጣ ተመልሶ መርፌውን ይመታል፤ ስለዚህ ሸክላው ንዝረቱን ከሚውጥ ነገር ጋር በደንብ መጣበቅ አለበት ይላሉ። አክሪሊክ ሳህኖች የተመረጡት ባሕርያቸው ለቪኒል ቅርብ ስለሆነ ንዝረቱ ድንበሩን ሳይመለስ ያልፋል በሚል ነው።

የትኛው ወገን ትክክል ነው? ሁለቱም የሚገልጹት ነገር በመርሕ ደረጃ አለ። የትኛው እንደሚያይል ግን በየማጫወቻው ይለያያል፤ ክርክሩን የሚዳኝ ጠንካራ የማዳመጥ ፈተናም እምብዛም አይገኝም። መቆንጠጫ ማውጣትና ማግባት ጊዜ ስለሚወስድ ሁለቱን ድምፆች በቅጽበት ማወዳደር አይቻልም፤ አድማጩም የትኛውን እየሰማ እንደሆነ አብዛኛውን ጊዜ ያውቃል። በዚያ ላይ ምንጣፍ ወይም ሮንዴላ ሲለወጥ የሸክላው ከፍታ ይለወጣል። 230 ሚሊ ሜትር ርዝመት ባለው ክንድ አንድ ሚሊ ሜትር የመርፌውን አቀማመጥ በሩብ ዲግሪ ያዛንፋል። ሰው የሰማው ልዩነት ከምንጣፉ ይምጣ ከክንዱ አቀማመጥ ብዙ ጊዜ አልተለየም። ጥመቱን በተመለከተ ግን ማስረጃው በዓይን ይታያል፦ የስፒከሩ ሸራ መናጡን ያቆማል ወይም አያቆምም።

ሦስተኛ መንገድም አለ፤ ሸክላውን ትቶ ክንዱን ማረጋጋት። ሹር በ1978 ያወጣው ቪ15 ዓይነት አራት ካርትሪጅ ፊት ለፊቱ ላይ እንቅስቃሴን የሚያለዝብ የካርቦን ፋይበር ብሩሽ ነበረው፤ በተንጋደደ ሸክላ ላይ ክንዱን እንደ መኪና ሾክ አብዞርበር ይደግፈዋል። ሶኒ በባዮትሬሰር ክንዶቹ ያንኑ በኤሌክትሮኒክስ ሞከረ። ከ20 ሄርዝ በታች ያለውን የሚቆርጥ ማጣሪያም ስፒከሩን ከመናጥ ያድነዋል። የዋለለ ቃናን ግን አያስተካክልም።

ሙቀት፣ ቤተ መዛግብትና የማይተካ ሸክላ

እስካሁን የተነሡት ዘዴዎች ሸክላውን ለጊዜው ብቻ ያቃኑታል። ለዘለቄታው ማቃናት ሲፈለግ ሙቀት ይመጣል። የጃፓኑ ፉሩቴክና ቪኒል ፍላት የተባለው የአሜሪካ ምርት ሸክላውን በሁለት ሰሌዳዎች መካከል አስገብተው፣ ቁጥጥር ባለው ሙቀት አሙቀው፣ ቀስ ብለው ያበርዱታል። የኩሽና ምድጃና ሁለት መስታወት የሚጠቀሙም አሉ፤ የምድጃ ቴርሞስታት በሚሳሳትበት መጠን ልክ ሸክላ ይጠፋል። ጎድጓዳ ጥመት በሙቀት በደንብ ይመለሳል። ስለታም እብጠት ግን ቢተኛም ቦዩ የተለጠጠበት ምልክት ይቀራል።

የዓለም አቀፉ የድምፅና ኦዲዮቪዥዋል ቤተ መዛግብት ማኅበር ስለ ቅጂ ባወጣው መመሪያ ነገሩን በጥንቃቄ ያየዋል። በሙቀት የተቃና ሸክላ ላይ ከመስማት ክልል በታች ያለው ጩኸት በሚለካ መጠን እንደሚጨምር የታየ ስለሆነ፣ ሙቀቱ በተቻለ መጠን ዝቅተኛ እንዲሆን ይመክራል። ሰብሳቢው «ተቃና» ሲል ሸክላው ይጫወታል ማለቱ ነው፤ የመዛግብት ሰው የሚጠይቀው ግን ቦዩ ላይ የተጻፈው ሳይለወጥ መቅረቱን ነው። መርፌ ሳይነካው በምስል የሚያነብ መንገድም ተገኝቷል፤ በካሊፎርኒያ የሎረንስ በርክሌይ ቤተ ሙከራ የተሠራው አይሪን የተሰበረና የተጣመመ ሸክላን ሳይቀር ከፎቶግራፍ ወደ ድምፅ ይመልሳል። ያ ግን የቤት ዕቃ አይደለም።

ጥያቄው ወደ ኢትዮጵያ ሸክላዎችም ይደርሳል። አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 በጀመሩት አምሃ ሪከርድስ በኩል እስከ 1970ዎቹ አጋማሽ ከመቶ በላይ ባለ 45 ዙር ትንንሽ ሸክላዎች ወጡ፤ የታተሙት በሕንድና በሊባኖስ ነበር። ትንሽ ሸክላ ጠርዙ ለመሃሉ ቅርብ ስለሆነ የመሃል መቆንጠጫ ከትልቁ ይልቅ ይሠራለታል። ሰፊ ቀዳዳ ካለው ግን ክብደቱ ከመለያ ወረቀቱ ይልቅ ቀዳዳውን በሚያጠበው መሙያ ላይ እንዳያርፍ መታየት አለበት፤ እዚያ ካረፈ ሸክላው በፍጹም አልተያዘም።

ማስረጃው በሙሉ ሲመዘን ፍርዱ ለአብዛኛው ሸክላ «ተወው» የሚል ነው። ማጫወቻውን በዓይን ከፍታ ሆኖ ማየት፣ ስፒከሩ የማይናጥ ከሆነም ማዳመጥ ይበቃል። ጎድጓዳ ለሆነው ሮንዴላና መቆንጠጫ ከማንኛውም ከባድ ናስ ይሻላል። ጠርዙ ለተነሣው ቀለበት፣ አቅም ላለው ደግሞ አየር መምጠጥ አለ። የአዲስ አበባ የ1960ዎቹና የ1970ዎቹ ሸክላ ያላችሁ ግን፣ ሌላ ቅጂ መኖሩን እስካላረጋገጣችሁ ድረስ ወደ ማሞቂያ አታስገቡት፤ ቢዋልልም እንደ ተጣመመ መጀመሪያ ይቀዳ።